ካርድ ከማውጣት በፊት

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሆዷ መግፋት ሲጀምር ነው። የወር አበባዋ ሲቀር አንድ ወር ትታገሣለች። ሁለተኛው ሲቀር ለባሏ ትነግራለች። ከዚያ በኋላም «እስኪረጋ ይቆይ» ይባላል፤ ያልረጋ ጽንስ ለዓይን ይጋለጣል የሚል ስጋትም አለ። ይህ የምዕራብ ሸዋ ሴቶች ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት ከ100 ሴቶች 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 28 ከፍ ብሏል። መሻሻሉ ደስ ይላል። ነገር ግን በሦስተኛው ወር የመጣችውም ሴት ብትሆን ለአንድ ትልቅ ጉዳይ ዘግይታለች።

ጉዳዩ የነርቭ ዘንግ ነው። ጽንሱ ከተፈጠረ ጀምሮ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ወደፊት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል ከጠፍጣፋ ንጣፍነት ተጠቅልሎ ይዘጋል። ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ወይም እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ እግሩን ማንቀሳቀስና ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አንጎሉ ሳይሠራ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ሕፃን አይተርፍም። አዲስ አበባ በሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ሕፃናት ታቅፈው ተራ የሚጠብቁ እናቶች ይህን በሽታ ከማንም በላይ ያውቁታል። በ28ኛው ቀን እኮ እናትየው የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው። ማርገዟን እንኳ እርግጠኛ አይደለችም።

ከእነዚህ ጉዳቶች አብዛኛዎቹን መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ ይፋ የሆነው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት በ7 አገሮች ባሉ 33 የሕክምና ማዕከላት የተካሄደ ሲሆን፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ ያረገዙ ሴቶችን ተከታትሏል። ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ የጉዳቱ መደገም በ72 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለው ምክር አንድና ግልጽ ነው፦ ልትወልድ ያሰበች ሴት ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ብትችል ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ካረገዘችም በኋላ እስከ ሦስተኛው ወር ትቀጥል። ከዚህ በፊት የነርቭ ዘንግ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ደግሞ መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪም ይዘዝላት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ለምን እንደሚብስ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሄደው አገር አቀፍ የንጥረ ነገር ዳሰሳ ይነግረናል። ደማቸው ከተመረመረ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል ከ10ሩ ከ8 በላይ የሚሆኑት የነርቭ ዘንግ ክፍተትን ለመከላከል የሚበቃ ፎሌት፣ ማለትም ፎሊክ አሲድ የሚተካው ንጥረ ነገር፣ አልነበራቸውም። ጤና ጣቢያዎቻችን ለነፍሰ ጡሮች አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን በነፃ ይሰጣሉ። ለደም ማነስ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን የሚሰጠው ለክትትል ለመጣች ነው፤ እሷ ስትመጣ የጽንሱ ነርቭ ዘንግ ተዘግቷል፣ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድን ጨምሮ በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል። መልካም እርምጃ ነው፤ በሌሎች አገሮች ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። ግን የጀልዱን ወይም የቶኬ ኩታዬን ገበሬ ቤት እንመልከት። እንጀራው ከራሱ ጤፍ ነው፤ ቂጣው ከበቆሎና ከገብስ፣ በደጋው ደግሞ ቆጮ አለ። እህሉ የሚፈጨው በሰፈር ወፍጮ ነው። የፋብሪካ ዱቄት የሚገባበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ሴት ዋናው መንገድ ለብዙ ጊዜ ኪኒኑ ሆኖ ይቆያል።

ምግብ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ሁሉም ፎሌት አላቸው፤ የሸዋ ማድቤት ከእነዚህ ተለይቶ አያውቅም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ጎመኑ ታጥቦ ይከተፋል፣ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይጨመቅና አረንጓዴው ውሃ ደጅ ይደፋል። ፎሌት በውሃ የሚሟሟ፣ በሙቀትም የሚጎዳ ስለሆነ ብዙው ከዚያ ውሃ ጋር ይሄዳል። በጥቂት ውሃ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ቶሎ ቢወጣና ውሃው ከወጡ ጋር ቢበላ ልዩነት አለው። ጨውም እንዲሁ ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ግዴታ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ነገር ግን አፉ በተከፈተ ዕቃ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረ አዮዲኑ ይቀንሳል። በደጋው እንቅርት ብርቅ አይደለም። የአዮዲን እጥረት ከሚያስከትላቸው ነገሮች ግን እንቅርት ቀላሉ ነው፤ ከባዱ በጽንሱ አንጎል ላይ የሚደርሰው ነው፣ እሱም የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ ከምግብ በላይ ወዲያው ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባውን የብረት ማዕድን ይቀንሳል፤ ሻይም እንደዚያው። ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቅ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ለአምቦ ቁርጥ ቤቶች ያለውን ፍቅር እረዳለሁ፤ ልጅ ያሰበች ሴት ግን ለዚህ ጊዜ ጥብስ ትብላ። ጥሬ ሥጋ ከኮሶ ትል ሌላ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ይይዛል፤ በእርግዝና ወቅት አዲስ ከተያዘች የጽንሱን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ያልፈላ ወተትም ይቅር። የኮሶ ወይም የወስፋት መድኃኒት መውሰድ ካለባት ከማርገዟ በፊት ትጨርሰው፤ አልቤንዳዞልን የመሰሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይወሰዱም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በምዕራብ ሸዋ ዞን በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች መካከል የተካሄደ ጥናት ስለ ቅድመ እርግዝና እንክብካቤ በቂ እውቀት ያላቸው ከ100 ወደ 27 የሚጠጉት ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እንክብካቤውን በተግባር ያገኙት ደግሞ ከ100 አሥራ አምስት አይሞሉም። ይህን ቁጥር ሳነብ ሴቶቹን አልወቀስኩም። አላረገዘችም፣ አልታመመችም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የትኛውን በር ታንኳኳ?

እንዲያውም አንድ በር አለ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጋብቻ ከመባረካቸው በፊት ጥንዶች የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤት እንዲያመጡ ይጠይቃሉ። ሙሽሮቹ ከሠርጉ በፊት አብረው ይሄዳሉ፣ ደም ይሰጣሉ፣ ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ ይወጣሉ። ሁለቱም በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ፈቃደኛ ሆነው፣ ክንዳቸው ተዘርግቶ፣ ምርመራው በአንድ ነገር ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በዚያው ደም የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ቢታዩ፣ የደም ግፊትና ስኳር ቢለካ፣ ሴቷ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን ብትጀምር፣ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው አብዛኛው ነገር በአንድ ቀን ያልቃል።

የደም ዓይነቱን ነገር ለብቻው ላንሣው፤ በእኛ አገር ብዙ እንባ ያፈሰሰ ነው። ሾተላይ የሚባለውን የማያውቅ ሰፈር የለም። የመጀመሪያው ልጅ በደኅና ይወለዳል፤ ቀጣዩ ቢጫ ሆኖ ወይም አብጦ ተወልዶ ይሞታል፤ ሦስተኛው ማኅፀን ውስጥ ይቀራል። ሴቲቱ «ሾተላይ አለባት» ትባላለች፤ ባል ይፈታታል፣ ሌላ ሴት ያገባል። ከዚህ መከራ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው የአር ኤች አለመጣጣም ነው። እናት አር ኤች ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በመጀመሪያው ወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ከእናቱ ደም ጋር ሲነካካ የእናቲቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጅበታል፤ ያ መከላከያ የሚቀጥለውን ልጅ ያጠቃል። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በእርግዝናው ሰባተኛ ወር ገደማ፣ እንደገናም ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ይህን ያስቀራል። መከላከያው አንዴ ከተፈጠረ ግን መርፌው አይሠራም። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በየፋርማሲውም አይገኝም። አር ኤች ኔጌቲቭ መሆኗን አስቀድማ ያወቀች ሴት ገንዘቡን ለማጠራቀምና የሚገኝበትን ቦታ ለማጠያየቅ ወራት አላት። በወሊድ ቀን ያወቀች ሦስት ቀን ብቻ አላት። በተከታታይ ልጅ የሞተባት ሴት ሁሉ ችግሯ ይህ ነው ማለት አይደለም፤ ቂጥኝም፣ ያልታወቀ ስኳርም፣ ደም ግፊትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን በምርመራ የሚገኙ ናቸው።

ቋሚ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማነጋገር አለባት። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ቫልፕሮየት የነርቭ ዘንግ ክፍተትን ያበዛል፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም ጽንስን ይጎዳል። ሁለቱም ምትክ አላቸው። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ጸበል የምትጠመቅ እናት መድኃኒቷን ይዛ ትጠመቅ፤ ይህን የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ ሴትም መድኃኒቷን በትክክል ወስዳ የቫይረሱ መጠን ከመለኪያ በታች ከወረደ በኋላ ብታረግዝ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድሏ በጣም ከፍተኛ ነው።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ በየመንደሩ የሚወራው «ማኅፀን ያደርቃል» የሚል ነው። አያደርቅም። በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፑ ሲወጣ የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ይለያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስኪጸነስ አሥር ወር ገደማ መፍጀቱ የተለመደ ነው፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ስለሌለ ስንት ሴት «መካን ሆንኩ» ብላ አልቅሳለች! ቀጣዩን ልጅ ለሚያስቡ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከወለዱ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር፣ ከውርጃ በኋላ 6 ወር መቆየት ነው።

እስካሁን ስለ ሴቷ ብዙ ተናገርኩ፤ የወንዱ ድርሻ ግን እኩል ነው። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ የተጠጣው አረቄ፣ የተጨሰው ሲጋራ፣ የተቃመው ጫት ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ከሚጸነሰው ልጅ ጋር ይገናኛል። ሙቀትም የወንድ ዘርን ይቀንሳል። አምቦ በፍል ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ለወገብም፣ ለቁርጥማትም፣ ልጅ ለመፈለግም ብለው የሚመጡ አሉ። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ማንንም አይጎዳም። በጣም በሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ግን ልጅ ለሚፈልግ ወንድ አይመከርም፤ ላረገዘች ወይም አርግዛ ሊሆን ለሚችል ሴትም አይመከርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነት ሙቀት በጣም ከፍ ማለቱ ራሱ ከነርቭ ዘንግ ክፍተት ጋር ይያያዛል።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታ ስንደርስ የአበባ እርሻዎችን እናያለን። በውስጣቸው የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የፀረ ተባይ ጉዳይም በቀጥታ ይመለከታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ፀረ ተባይ በሚመረትበት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች ልጅ መውለድ እንዳልቻሉ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አስተዋሉ፤ ሲመረመሩ የብዙዎቹ የወንድ ዘር ተሟጦ ተገኘ፣ ኬሚካሉም ታገደ። ፀረ ተባይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጓንትና መሸፈኛ፣ ከተረጨ በኋላ ወደ ግሪንሃውስ ሳይገቡ መቆየት፣ ልብስ ለይቶ ማጠብ። ልታረግዝ ያሰበች ሠራተኛ ከርጭት ክፍል ልዛወር ብላ ትጠይቅ። መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ማሳውን የሚረጨው የጊንጪ ወይም የባኮ ገበሬም ይህ ይመለከተዋል። በባኮ ቆላ ደግሞ ወባ አለ፤ አጎበር ከሠርጉ ዕቃ ጋር ይገዛ።

ስለ ልብ ዝግጅት ብዙ የሚባል አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው አፍ ይመስለኛል። ሠርጉ በተፈጸመ በሦስተኛው ወር አማት «ምነው ዝም አላችሁ?» ትላለች። በስድስተኛው ወር ጎረቤት የሙሽራዪቱን ሆድ በዓይኗ ትለካለች። በዓመቱ መካን የሚለው ስም በሹክሹክታ ይጀምራል፤ የሚለጠፈውም በሴቷ ላይ ነው። በኦሮሞ ባህል ሴቶች በአቴቴ ሥርዓት ተሰባስበው ስለ ልጅ ይለምናሉ፤ እናቶች በየገዳሙ ስዕለት ይሳላሉ። አንዲት ሴት ልመናዋን ከሌሎች ሴቶች ጋር መካፈሏ የሚያሳርፍ ነገር አለው፤ ይህን ማንም አይንቀፈው። ከዚያ ጎን ግን እውነታው ይታወቅ። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ከሚገናኙ ጤነኛ ጥንዶች መካከል ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። በሦስት ወር አለመጸነስ በሽታ አይደለም። አንድ ዓመት ካለፈ፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ መመርመር ይገባል፤ ሲመረመሩም አብረው ነው። የመካንነት ችግር ካለባቸው ጥንዶች በብዙዎቹ ምክንያቱ ከወንዱ በኩልም ይገኛል፤ የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም ባል ሳይመረመር ሚስት ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ መንገዱ ረጅም ቢሆንም ከዚህ በፊት ያልነበረ ተስፋ ነው።

ከሰው አፍ በኋላ የሁለቱ ንግግር ይመጣል። ልጅ የምንፈልገው እኛ ነን ወይስ ቤተሰብ? እሱ አዲስ አበባ፣ እሷ ጀልዱ የምታስተምር ከሆነ በወሊድ ጊዜ ማን አጠገቧ ይሆናል? ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ፤ ምጥ በዚያ ቀን ቢመጣስ? ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ ቀድሞ መግባት ይቻላል፤ ይህን ሳያረግዙ ማወቅ ጭንቀቱን ይቀንሳል። ጽንስ የወረደባት ሴት ደግሞ ሐዘኗን ጨርሳ ሳታለቅስ «ሌላ ይተካል» እየተባለች ወደሚቀጥለው እርግዝና ትገፋለች። ታልቅስ። እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የዘጋት፣ ነገር ሁሉ የጨለመባት ከሆነ ይህም ሕመም ነው፣ ሕክምና አለው። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ እርግዝና አያቆመውም፤ ብዙ ጊዜ ያብሰዋል። እንዲህ ያለች ሴት «ገና ነኝ» የማለት መብት አላት፣ ከጎኗ መቆምም የእህቶቿና የጤና ባለሙያዋ ድርሻ ነው።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት የምትገኝበት አንድ ክፍል በየጤና ጣቢያው አለ፤ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል። ክንዷ ላይ ያለውን ልታስወጣ ትመጣለች፣ ወይም «መርፌው ይብቃኝ» ትላለች። ባለሙያዋ ታወጣላታለች፣ ፋሻውን ታስርላታለች፣ ትሸኛታለች። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በባኮ ለምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች ልመናዬ አንድ ነው፦ ለመውለድ ብላ መከላከያዋን ያቆመች ሴት ሁሉ የሦስት ወር ፎሊክ አሲድ ሳትይዝ ከዚያ ክፍል አትውጣ፤ ባሏም ከእሷ ጋር እንዲመጣ ንገሯት። እናንተም ለመውለድ ያሰባችሁ፣ ባይሰጧችሁ ጠይቁ።